የሥዕል ማስተርስ ለማመልከት፦ አርባውን ተዪና አምስቱን ያዢ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፋሽን ዲዛይን ተመርቄያለሁ። ሥዕል የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ከአንድ የሰፈራችን ሠዓሊ ነው። ሐይቁ ዳር ላሉ የስጦታ ሱቆች ታንኳ፣ ጢስ ዓባይ፣ ከበሮ የያዙ ካህናትና የዜጌን መላእክት እየሣልኩ ስሸጥ ቆይቻለሁ። አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። ውጭ አገር ሄጄ በሥዕል ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለአሥር ትምህርት ቤቶች ላመለክት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ወደ አርባ የሚሆኑ ሥራዎች አሉኝ፤ ችሎታዬ እንዲታይ ከእያንዳንዱ ስታይል ጥቂት ጥቂት እልካለሁ። በትርፍ ጨርቅ ላይ የሞካከርኳቸው አምስት ሥራዎችም አሉ፤ ያላለቁ ስለሚመስሉ አላስገባቸውም። የሁሉንም ፎቶ አያይዣለሁ። ጂአርኢ የሚባለውን የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ትፈተኛለሽ ይሉኛል፣ እውነት ነው? የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሥዕል ባለመሆኑ ይጥሉኛል? የትኛውን ትምህርት ቤት ይመክሩኛል ጋሼ?»

ምላሽ፦ ዘንድሮ አታመልክቺ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር አመልክቺ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። እጅሽ የሠለጠነ ነው። ውሃ ላይ የሚወድቅ ብርሃን ታውቂያለሽ። የካህናቱ ነጠላ እጥፋትም ልብስ ቆርጣ በሰፋች ሰው የተሣለ እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ለመላክ የመረጥሻቸው ሥራዎች አንቺን አያሳዩም። አንቺን የሚያሳዩትን ደግሞ «ያላለቁ ይመስላሉ» ብለሽ ወደ ጎን አድርገሻቸዋል።

መጀመሪያ ማስተርሱ ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ሰው ከፍ ያለ የሥዕል ክፍል ይመስለዋል። መምህሩ እየሠራ ያሳያል፣ ተማሪው ይከተላል፣ ጎበዙ ይመረቃል። በአብዛኛው ቦታ እንደዚያ አይደለም። አንድ ስቱዲዮ ይሰጥሻል። ብቻሽን ትሠሪያለሽ። መምህራንና ተጋባዥ ሠዓሊዎች እየገቡ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይወጣሉ። በየጊዜው ሥራሽን ግድግዳ ላይ ትሰቅያለሽ፤ የክፍል ጓደኞችሽና መምህራኑ ፊት ለፊትሽ ቆመው ይተቹታል። አንዳንዱ ቀን መራራ ነው። ብሩሽ አያያዝ የሚያሳይሽ ሰው ላታገኚ ትችያለሽ። «ይህን ለምን ሣልሽ?» የሚልሽ ግን አታጪም።

ስለዚህ ገምጋሚው ፖርትፎሊዮሽን፣ ማለትም መርጠሽ የላክሽውን የሥራ ስብስብ፣ ሲከፍት መሣል መቻልሽን ብቻ አይደለም የሚፈልገው። እሱን ሁለተኛው ሥዕል ላይ ሲደርስ ዐውቆታል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህች ልጅ የምታሳድደው ነገር አላት? ሁለት ዓመት ክፍል ሰጥተን ብንተዋት ምን ትሠራለች? ሁለት ታንኳ፣ ሁለት መልአክ፣ ሁለት ፖርትሬት፣ ሁለት አብስትራክት ከላክሽለት መልሱን ያገኛል፦ ገና አልወሰነችም ይላል። «ሁሉንም እችላለሁ» ማለት ለማስታወቂያ ሥራ ይጠቅም ይሆናል፤ እዚህ ግን ይጥልሻል። እጃቸው ከተመረጡት የሚበልጥ አመልካቾች በዚህ ምክንያት ብቻ በመጀመሪያው ዙር ሲወድቁ አይቻለሁ። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

ለሱቅ በሣልሻቸው ሥዕሎች እንዳታፍሪ። ኪራይ ከፍለውልሻል፣ እጅሽን አፍታተውልሻል። ነገር ግን ገዢው የሚፈልገው አስቀድሞ ታውቆ የተሣሉ ናቸው። ተመሳሳያቸው ጎንደርም ላሊበላም ተሰቅሏል። ያያቸው ሰው ከየት እንደመጣሽ ይገባዋል፤ ማን እንደሆንሽ አይገባውም። እስቲ ስለ ታንኳው ራስሽን ጠይቂ። ደንገሉን ማን ያጭደዋል? የነገደ ወይጦ ሰዎች ሲጎነጉኑት ተቀምጠሽ አይተሻል? በሥዕሎችሽ ውስጥ ታንኳው ሁልጊዜ ከሩቅ ነው፤ ሁልጊዜም ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ከአርባዎቹ አንዱንም እንዳታስገቢ እመክርሻለሁ።

የዜጌ መላእክት ነገር ሰፋ ያለ ነው፤ ቆም ብዬ ላየው። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን መላእክት ዓይናቸውን፣ ክንፋቸውንና ቀለማቸውን እንዳለ መገልበጥ ለጸሎት ወይም ለመታሰቢያ ሊሆን ይችላል። ለፖርትፎሊዮ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ከእነዚያ ግድግዳዎች መማር የምትችዪው ከቅርጹ በታች ያለውን ነው። ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። ይህ ሥዕል በምን ሕግ እንደሚናገር የሚያሳይ ትልቅ ትምህርት ነው። ናርጋ ሥላሴ ሄደሽ እቴጌ ምንትዋብ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችበትን እዪ። የዚያ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ልብሱ ላይ ምን ያህል እንደደከሙ ታያለሽ። ባለ አበባው ጨርቅ፣ ጥልፉ፣ የብርድ ልብሱና የመጋረጃው ንድፍ በጥንቃቄ ተሠርቷል። አንቺ የፋሽን ዲዛይን ምሩቅ ነሽ። ይህን ሌላው ሠዓሊ ከሚያየው በላይ ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ሌላም አለ። በጣና ገዳማት መቅደስ ላይ ያለው ሥዕል ብዙው በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም። የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ጫፉ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ድርና ማጉ ይታያል። ያ ሁሉ መልአክና ሰማዕት የቆመው ጨርቅ ላይ ነው። (ለሥዕል ጥናት ስትሄጂ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ግን ትገቢያለሽ። ደብተር አውጥተሽ ከመንደፍሽ በፊት አስፈቅጂ፤ ብልጭታ ያለው ካሜራም አትጠቀሚ፣ ቀለሙን ይጎዳል።)

አሁን ወደ አምስቱ እንምጣ። የእጅጌና የአንገት ቅርጽ ይዞ የተቆረጠ አቡጀዲ አለ፤ ሳይሰፋ ጠፍጣፋውን ተዘርግቶ ተሥሎበታል። ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ጠልቋል። በሦስተኛው ላይ የስፌቱ መስመር እንደ ውሃ ጠርዝ ይሄዳል። ያ ቡናማ ቀለም ደግሞ የክረምቱ ጣና ነው፣ ደለል የገባበት። ፖስት ካርድ ላይ ያ ቀለም የለም። አምስቱም ያላለቁ ይመስላሉ ያልሽው እውነት ነው። ግን ያላለቁት ሐሳቡ ገና ስለጀመረ ነው። አርባዎቹ አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበት የላቸውም።

አዎ፣ ጥያቄሽ ስለ ጨርቅ ነው ብዬ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። ይህን ሥራው ነው የሚነግርሽ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሥሪ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ሥራ ይውጣሽ። አምስት ስድስቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጡ ይሁኑ፣ ምክንያቱም ትንሽ ላይ የሚያምር ነገር ትልቅ ላይ ሲመጣ ድካሙ ይጋለጣል፣ አንቺም ትማሪበታለሽ። ከዚያ አሥራ አምስቱን ትመርጫለሽ። ከስድስተኛው ሥራ በኋላ ሐሳቡ ቢሞትብሽም አትደንግጪ። የሞተበትን ምክንያት በደብተር ጻፊ፣ ቀጣዩን ከዚያ ጀምሪ። ለሱቅ መሣሉንም ጨርሰሽ አታቁሚ፤ ኪራይ አለብሽ። በሳምንት ሁለት ቀን ለገበያ፣ የተቀረውን ለራስሽ። ሁለቱን ሥራ አንድ ቀን ላይ አታደባልቂ፣ የገበያው እጅ ወደ ሌላው ይገባብሻል።

በጨርቅ መሥራት ከቀጠልሽ ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። የዘይት ቀለም ባልተቀባ ጨርቅ ላይ በቀጥታ አይቀባም። ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ክሩን ይበላዋል፣ ጨርቁም ይሰባበራል። ወይ ጌሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መነሻ) ሁለት ጊዜ ቀቢበት፣ ወይ በአክሪሊክ ሥሪ፤ አክሪሊክ ጥሬ ጨርቅ ላይም ይሆናል። ሁለተኛ፣ አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለው። ሳታጥቢው ከሣልሽበት በኋላ ይሸበሸባል፣ ቀለሙንም እኩል አይጠጣም። ሦስተኛው ማቅለሚያው ነው። የጨርቅ ቀለም ፀሐይ ላይ ይለቃል። ቁራጭ ወስደሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ መስኮት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ለጥፊውና ልዩነቱን እዪ።

የሌሎችን ሥራም እዪ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የማንን ሥራ ታያለሽ?» ተብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ «ፒካሶን» ማለት መልስ አይሆንም። ኤልያስ ስሜ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ ነው። በመርፌና በክር ሸራ ላይ የሰፋቸውን ሥራዎች ፈልጊ። ጋናዊው ኤል አናትሱዊ የጠርሙስ ክዳን በሽቦ አያይዞ ግድግዳ የሚሸፍን ጨርቅ የሚመስል ነገር ይሠራል። ከእነሱ ጋር የምትስማሚበትንና የማትስማሚበትን ማወቅ አለብሽ። መኮረጅ ግን ከዜጌ መላእክት መገልበጥ አይለይም።

ስለ ዲግሪሽ። አሜሪካ ያሉ አብዛኞቹ የሥዕል ማስተርስ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑርሽ ይላሉ፤ ዲግሪው የግድ በሥዕል መሆኑን ሁሉም አይጠይቁም። ወሳኙ ፖርትፎሊዮው ነው። ጂአርኢም በአብዛኛው አይጠየቅም፤ ገንዘብሽንና ጊዜሽን አታባክኚበት። ሠዓሊ ከሌላ ትምህርት መምጣቱም አዲስ ነገር አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ከመማሩ በፊት አዲስ አበባ ላይ ግብርና ጀምሮ አቋርጧል። ሕንድ ግን ሌላ ነው። ባሮዳና ሻንቲኒኬታን ያሉት ስመ ጥር የሥዕል ክፍሎች ለማስተርስ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ በሥዕል ይፈልጋሉ። የሕንድ መንግሥት በባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ (አይሲሲአር) በኩል ለአፍሪካውያን የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ጥሩ ዕድል ነው፤ ግን ከማመልከትሽ በፊት ይህን መስፈርት አጣሪ።

አዲስ አበባን በዕቅድሽ ውስጥ አላየሁትም። በአለ ፈለገ ሰላም ስም የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። «ውጭ አገር» የሚለው ቃል ይህን በር እንዲያዘጋብሽ አልፈልግም። ያለ ቪዛና ያለ ዶላር ሁለት ዓመት ከሚሠሩ ሠዓሊዎች ጋር መኖር ትልቅ ነገር ነው። አገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ጂአርኢ ብለው ያስፈራሩሽ ሰዎች ምናልባት ከዚህ ጋር ቀላቅለውት ይሆናል። ፈተናውን አልፈሽ የትምህርት ቤቱን የራሱን መግቢያ ትፈተኛለሽ። የሥዕል ዲግሪ ስለሌለሽ ተቀባይነትሽን አስቀድመሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። በስልክ ብቻ አትተማመኚ። ከአፍሪካም የካምፓላውን ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የጋናውን የኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ተመልከቺ። ሁለቱም በሥነ ጥበብ ትምህርት ረጅም ታሪክ አላቸው፣ ወጪያቸውም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር አይወዳደርም።

«የትኛው ትምህርት ቤት?» ለሚለው በስም አልመልስልሽም፤ ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ መጠየቅ አለበት። ማን ያስተምራል ብለሽ ጀምሪ። እስክንድር ቦጎሲያን ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። ፊደልን ወደ ሥዕል የለወጠው ወሰኔ ኮስሮፍ ማስተርሱን እ.ኤ.አ. በ1980 የያዘው ከዚያው ነው። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ አሜሪካ ካለው የሮድ አይላንድ ዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በማስተርስ ተመርቃለች። የእነሱን መንገድ ተከተዪ ማለቴ አይደለም፤ ጊዜው ሌላ ነው። የየትምህርት ቤቱን መምህራን ስም አውጥተሽ ሥራቸውን አንድ በአንድ እዪ። ጨርቅን፣ ስፌትን ወይም መሬትና ውሃን በቁም ነገር የሚሠራ ቢያንስ አንድ ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ይቅርብሽ። በዚህ ወንፊት ስታጣሪ አሥሩ ወደ አራት ወይም አምስት ይወርዳል። ይበቃል።

ገንዘብን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። አሜሪካ ውስጥ የግል የሥዕል ትምህርት ቤቶች ክፍያ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ የሚሆንባቸው ብዙ ናቸው። ከፊል ስኮላርሺፕ ሰጥተውሽ «ግማሹ ተሸፍኗል» ቢሉሽ የቀረው ግማሽ ላንቺ ተራራ ነው። ቪዛ ለማግኘትም ወጪሽን እንደምትሸፍኚ ማሳየት አለብሽ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተሻሉ ናቸው። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን እያስተማርሽ ክፍያሽን ያነሱልሻል፣ ወርሃዊ አበልም ይሰጡሻል። እነሱን ፈልጊ። ሙሉ ወጪው ካልተሸፈነ አትሂጂ። ቤተሰብ መሬት ሸጦ ይላክሽ የሚል ምክር ከሰማሽ አትስሚ። የሥዕል ማስተርስ ሲያልቅ ያንን ዕዳ የሚከፍል ደመወዝ ይዞልሽ አይመጣም።

እንግሊዝ አገር ማስተርስ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ለጀማሪ አጭር ነው፣ ላንቺ ግን ዓመቱን እዚህ ሠርተሽ ከሄድሽ ይሆናል። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ይህን ውል አንብበሽ ከልብሽ ከተስማማሽ ብቻ አመልክቺ። ጀርመን የመንግሥት አካዳሚዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። የኑሮው ገንዘብ ግን በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) እንዲቀመጥ ይፈለጋል፤ ለዓመት ወደ 12,000 ዩሮ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ጀርመንኛም ይጠይቃሉ። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች ለብቻው የተዘጋጀ የድኅረ ምረቃ ስኮላርሺፕ አለው፤ በዚያ በኩል ከሆነ ብቻ አስቢው። የጀርመን የሥነ ጥበብ አካዳሚዎች የሚሰጡት «ማይስተርሹለር» የሚባለው ማዕረግም ከማስተርስ ዲግሪ ጋር አንድ አይደለም። ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከፈለግሽ ይህ ልዩነት አገር ቤት ያስቸግርሻል።

የሥዕሎቹን ፎቶ አሁን እንዳነሳሽው ከላክሽ ጥሩ ሥራ ይሞትብሻል። ግማሾቹ ዘመዋል። ሁለቱ ላይ የጣትሽ ጥላ አለ። አንዱ ላይ የሶፋ ጠርዝ ይታያል። ጠራራ ፀሐይ ላይ አታንሺ፤ በረንዳ ጥላ ውስጥ ወይም ደመና ባለበት ቀን አንሺ። ዛፍ ሥርም አይሆንም። ባሕር ዳር ቅጠል በየቦታው ነው፤ ነጩን ጨርቅ አረንጓዴ ያደርገዋል። ስልክሽን በመቆሚያ ላይ አቁሚ፣ የሥዕሉ መሐል ጋር እኩል ይሁን። በጣም ተጠግተሽ ካነሳሽ ጠርዞቹ ይጎብጣሉ፤ ራቅ ብለሽ በሁለት እጥፍ ዙም አንሺ። ማሳመሪያውን ሁሉ አጥፊ። ለጨርቆቹ ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን የስፌቱን ጉብታ ስለሚያወጣ አንድ ሁለት የቅርብ ፎቶ በዚያ መንገድ ጨምሪ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪ፣ አለዚያ ይጨመቅና ይበላሻል።

ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገርና መጠን ይጻፋል፤ ቁመቱ ይቀድማል። እዚህ ላይ የኛ ሰው የሚሳሳተው ዘመኑ ላይ ነው። አንዱን በኢትዮጵያ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፍሽ የቅርብ ሥራሽ የሰባትና የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል። ሁሉንም በፈረንጆቹ አድርጊ። ስምሽም በፓስፖርትሽ፣ በትራንስክሪፕትሽና በማመልከቻሽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። አንድ ፊደል ሲለያይ ወራት የሚፈጅ ደብዳቤ መጻጻፍ ይከተላል።

ስለ ሥራሽ የምትጽፊውን አጭር ጽሑፍ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወድ ነበር» ከሚለው አትጀምሪ፤ ሁሉም አመልካች እንደዚያ ብሏል። «ማንነትን እዳስሳለሁ» የሚለውም ባዶ ነው። ያደረግሽውን ተናገሪ፦ «የልብስ ቅድ ሳይሰፋ እዘረጋለሁ። አካል የሌለው እጅጌ ላይ የሐይቅ ውሃ እሥላለሁ። ያደግሁበት ከተማ ገዳማት ውስጥ ቅዱሳን የሚቆሙት ጥጥ ላይ ነው።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይበልጣል። ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ አብራችሁ ተርጉሙት። ማሽን እንዲጽፍልሽ አታድርጊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ያልጻፍሽውን ማስረዳት ያቅትሻል።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። እኛ ጋ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» የሚል ልማድ አለ። አትቀበዪ። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው አፍ ሲናገር ወዲያው ይታወቃል፤ ማመልከቻውም ያበቃለታል። ባለ ሥልጣን አትፈልጊ። የፋሽን መምህርሽ፣ ያሠለጠነሽ ሠዓሊና ሥራሽን ያሳየ ሰው ይበቃሉ። ሁለት ወር አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፣ አዲሶቹን ሥራዎች ቤትሽ ጠርተሽ አሳዪያቸው። ሰፈርሽ ያለው ሠዓሊ እንግሊዝኛ ካልጻፈ በአማርኛ ይጻፍና ሕጋዊ ትርጉም መቀበላቸውን ትምህርት ቤቱን ጠይቂ።

ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ስለሚፈለግ ሐምሌ ላይ ጀምሪ። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ዘንድሮ አትቸኩዪ፤ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ውሰጂ። ዱዎሊንጎ ቤት ተቀምጠሽ የምትወስጂው ነው። የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ግን ኢንተርኔት መሐል ላይ ከተቋረጠ ፈተናው ይሰረዝብሻል። በክልላችን መስመር ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አትርሺ። ማመልከቻውንም ከመጨረሻው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ላኪ። የአሜሪካዎቹ የመጨረሻ ቀን በአብዛኛው ከኅዳር ማብቂያ እስከ ጥር ማብቂያ ባለው ጊዜ ይውላል።

ከተመረጥሽ በቪዲዮ ያነጋግሩሻል። ከጠየቁሽ በኋላ ዝም ብለሽ ማሰብ ትችያለሽ፤ የቸኮለ መልስ አይፈልጉም። ጓደኛሽን አምስት ሥራ ፊት አቁመሽ በእንግሊዝኛ እንድትጠይቅሽ አድርጊ። ይህ ለምን ይህን ያህል አነሰ? ለምን ሸራ አልሆነም? ይህ ከልብስ በምን ይለያል? የመጨረሻውን ጥያቄ አሁኑኑ ማሰብ ጀምሪ፣ ምክንያቱም መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በመጀመሪያው ዙር ላትገቢ ትችያለሽ። ቦታው ጥቂት ነው። አንዳንድ ክፍል በዓመት ከአሥር የማይበልጡ ሠዓሊዎች ይቀበላል። ሁለተኛ ዓመት ማመልከት የተለመደ ነው፣ ነውርም የለበትም። ገብተሽ ገንዘቡ ካልሞላ ቦታውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልሽ ጠይቂ፤ የሚፈቅዱ አሉ።

አንድ ማመልከቻ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይፈጃል። አቅም ለሌለው የሚነሣበት ቦታ ስላለ በኢሜይል ጠይቂ። ለአሥሩ ያጠራቀምሽውን ግን ዘንድሮ አትንኪው። ለአራቱ የሚበቃውን ለከርሞ አስቀምጪ፤ በተቀረው አቡጀዲ፣ ጌሶና ጥሩ አክሪሊክ ግዢበት። መጋቢት ላይ አሥር ሥራ ሲደርስልሽ ፎቶውን ላኪልኝ።